በግቢያችን የቆመው የፎም መቃብር

አስካለዬ፣

እንዴት ነሽ አልልሽም። ከተለያየን ዓመት ሊሞላን ትንሽ ነው የቀረው። እኔ እናገራለሁ፣ ልጃችን ብርቄ ትጽፋለች። ላሳምረው ብላ ከራሷ እንዳትጨምርበት ነግሬአታለሁ።

ቤቱ እንዳለ ነው። ቡራዩ ግን ቤት ብቻ ሆናለች፤ ከኋላችን የነበረው የባቄላ ማሳ ፎቅ ወጥቶበታል። ከአልጋችን ያንቺ ጎን እንደተነጠፈ ነው። አላለቀስኩም። ሰው ሁሉ “አልቅስ፣ ይወጣልሃል” ይለኛል። ምን እንደሚወጣልኝ አላውቅም። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ደጅ ወንበሬ ላይ እቀመጣለሁ።

መቃብርሽ አሁንም አፈር ነው። ይህን ከሌላ ሰው ከምትሰሚ እኔ ልንገርሽ። ከሰበታ እስከ ሱሉልታ እየተጠራሁ የስንቱን ሐውልት ያቆምኩ ሰው፣ ያንቺን ልሠራ ስነሣ እጄ እምቢ አለኝ። ሌላ ሰው ይሥራው ሲሉኝ ደግሞ አልፈቅድም። ማን ነው ከእኔ የሚሻለው? ብርቄ “አባዬ፣ ለሙት ዓመቷ እንኳ ይድረስ” ትለኛለች። የምለስንበት ካዞላዬ ሲሚንቶ እንደደረቀበት ግድግዳ ሥር ተጋድሟል።

እና በቀደም ምን ሆነ መሰለሽ። የፊት ቤቱን የተከራየችው ሜላት፣ ያቺ ሳቋ ከእሷ ቀድሞ ይገባል የምትያት ልጅ፣ በጥቅምት አጋማሽ መጥታ “አባባ፣ ከደጃችን መቃብር ልሥራ?” አለችኝ። ሥራዋ የሰርግና የልደት ዲኮር አይደል። ለካ ሃሎዊን የሚሉት የፈረንጅ በዓል አለ፤ ሰው ግቢውን መቃብር አስመስሎ፣ ጓደኞቹን ጠርቶ፣ እየተፈራራ ይስቃል። የእሷም ጓደኞች ከአዲስ አበባ መጥተው በስልክ ሊቀረጹበት ነው። አንቺ ብትኖሪ አማትበሽ ታባርሪያት ነበር። እኔ እንደፈለግሽ አልኳት። ምንም አልመሰለኝም።

ሥራዋን ሳይ ግን አንጀቴ ተቃጠለ። ከቴሌቪዥን ካርቶን የወጣ ነጭ ፎም ቆርጣ፣ ግራጫ ቀለም ቀብታ፣ አንዱን ወደ በር፣ አንዱን ወደ ሽንት ቤት አዙራ ተክላዋለች። አስካለ፣ ሰው ወደ ሽንት ቤት ዞሮ ይቀበራል? “እኔ ቱፋ ባለሁበት ግቢ እንዲህ ያለ መቃብር አይቆምም” ብዬ ተነሣሁ። ፊቱ ወደ ፀሐይ መውጫ እንዲሆን የሁሉንም ራስጌ ወደ ምዕራብ አዞርኩ። ቀይ አፈር ከምሬ በድንጋይ ከበብኩት። ፎሙን በቀጭን ሲሚንቶ ለቀለቅኩት፣ ሳይደርቅ አመድ ነሰነስኩበት፣ ከጓሮ የድንጋይ ሽበት ፍቄ ለጠፍኩበት። ስንት ክረምት የወረደበት መሰለ። ሜላት “አባባ፣ አንቱ’ኮ አርቲስት ነዎት!” ብላ ዘለለች። በሌሎቹ ላይ የፈረንጅ ፊደል ጻፈችባቸው። ዳር ያለውን ግን አትንኪው አልኳት። ለምን እንዳልኩ አላውቅም።

በማግስቱ ጠዋት በሩ ክፍት ነበር። የዕድር ጓደኛሽ አዴ ጫልቱ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ወደ ውስጥ አየችና “ያ ዋቃዮ! አምላኬ! አስካለን አምጥቶ ደጁ ቀበራት!” ብላ ጮኸች። አትፍረጂባት፤ የቤተ ክርስቲያኑ መቃብር ለመንገድ ሥራ ሊነሣ ነው የሚል ወሬ ሰፈሩን ይዞት ከርሟል። አፅምሽን ቀድሜ ያወጣሁ መስሏታል። ወዲያው ጎረቤቱ ሞላ። የዕድሩ ሰዎች አግዳሚ ወንበር ተሸክመው ደረሱ። ሜላት በቢጃማዋ ወጥታ “ኧረ ጨዋታ ነው!” ትላለች፤ በዚያ ሁሉ ለቅሶ መሀል ማን ይስማት?

አዴ ጫልቱ ሌሎቹን አልፋ ዳር ያለው ላይ ተደፋች። “ሌላው የማን እንደሆነ አላውቅም፤ ይቺ ግን አስካለ ናት። እንዲህ አጭርና ቀጭን ማን ነበረ?” አለች። ሄጄ አየሁት። እውነቷን ነው። ሳልለካ ነው የሠራሁት፤ ግን ያንቺ ልክ ነው።

“ፎም ነው” አልኳት። አላመነችም። በጃንጥላዋ ወጋችው፤ ጃንጥላው ድንጋዩ ውስጥ ስምጥ አለ። ለቅሶው ቀጥ አለ። ቀስ ብላ ተነሣች፣ አፈሩን ከጉልበቷ አራገፈች፣ “አንተ ሰውዬ፣ ለመጫወቻ ሲሆን እጅ አለህ፤ ለእሷ ሲሆን ነው የሚሞትብህ?” አለችኝ። በሰው ፊት! ወንበሩን መልሰው ሲሸከሙ አንዱ ሳቀ፣ ከዚያ ሁሉም ሳቁ። አንቺ ብትኖሪ ከሁሉ ቀድመሽ ትስቂ ነበር። እኔ አልሳቅሁም፣ አላለቀስኩምም። ቆሜ ጃንጥላው የቀደደውን ቀዳዳ ሳይ ቆየሁ።

ሜላት ድግሷ አልፎ ስታፈርሰው ዳር ያለውን ተይው አልኳት። ቁመቱንና ወርዱን በሲባጎ ለካሁ፣ ልኩ እንዳይጠፋኝ ቋጠርኩበት። ካዞላዬን በመዶሻ እየመታሁ የደረቀውን አረገፍኩ። ድንጋዩን መርጫለሁ፣ ቅዳሜ እዚያው ካንቺ ዘንድ ሥራ እጀምራለሁ።

ፊደል እንዳልቆጠርኩ ታውቂያለሽ። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው በወረቀት ጽፎ የሰጠኝን እያየሁ ነው የቀረጽኩት፤ የማን ስም የት እንዳለ አንዱንም ለይቼ አላውቅ። አሁን ግን ብርቄን ስምሽን አመድ ላይ ጻፊልኝ አልኳት። በጣቴ ስከተለው ሰነበትኩ። ዛሬ ጠዋት እሷ ሳትኖር ብቻዬን ጻፍኩት። ገብታ አየችውና አንድም ሳታርምልኝ አመዱን ዞራ አለፈች፤ ትክክል ነው ማለት ነው።

ሌላ ፊደል መማር አልፈልግም። ይቺ ትበቃኛለች። እስክመጣ ድረስ አልረሳትም።

ያንቺው ቱፋ