ሰው አይፈሬ የፈራችው

ዛሬ ማክሰኞ፣ ወሩ በገባ በአሥራ ሰባተኛው ቀን፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ እኔ የሰማንያ አንድ ዓመት ሴት፣ አገር ምድሩ «ሰው አይፈሬ» እያለ የሚጠራኝ፣ በገዛ ቤቴ፣ በአራት ምስክሮች ፊት ይህን ቃሌን አስጽፋለሁ። እግሬ ከዳኝ እንጂ ልቡናዬ አልከዳኝም። ጸሐፊዬ መምህሩ የተባለውን ሁሉ፣ ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ እንዲጽፉ አደራ ብያለሁ።

አስቀድሜ ቅጽል ስሜን ልመልስ፤ ሐሰት ነውና። በሃያ ሦስት ዓመቴ ከሚደበድበኝ ባሌ ቤት አንድ ዶማና አንዲት ፍየል ይዤ ወጥቼ እዚህ ድንጋያማ ቁልቁለት ላይ ስሰፍር፣ ፍርሃትም አብሮኝ ሰፍሯል። ድንጋዩን የለቀምሁት፣ የውኃ ጉድጓዱን አሥራ አንድ ክንድ የቆፈርሁት፣ ሁለቱን ክፍል በጭቃ የመረግሁት እየፈራሁ ነው። መንገደኛ «ባል አላት» እንዲል ከገበያ አሮጌ የወንድ ጫማ ገዝቼ ደጃፌ ላይ አኖር ነበር። ከሁለቱ ባሎቼ የተሻለው ያ ጫማ ነበር።

አንደኛ፤ ቤቱን፣ ጉድጓዱን፣ የጓሮ አትክልቱንና ከጉድጓዱ በታች ያለውን እርሻ ለእህቴ ልጅ ለልብስ ሰፊዋ አውርሻለሁ። በመጣች ቁጥር «ዘንድሮ ምን ዘራሽ?» ትለኛለች እንጂ «መሬቱ ስንት ያወጣል?» ብላኝ አታውቅም።

ሁለተኛ፤ ስድስቱን ቀፎ ለባለ ወፍጮው ሰጥቻለሁ። ሦስት ጊዜ ላግባሽ ብሎኝ ሦስት ጊዜ እምቢ ብዬዋለሁ፤ እንግዲህ ማር እንኳ ይቅመስ።

ሦስተኛው ከባድ ነው። መሬት ደላላው የወንድሜ ልጅ፣ በሰባት ዓመቱ እናት አባቱን አጥቶ እጄ ላይ ወደቀ። አጉርሼ አሳደግሁት። ከትምህርት ቤት ሲመለስ ደብተሩን ዘርግቶ ፊደል ያስቆጠረኝ እሱ ነው። ስሜን መጻፍ ከቻልሁ ወዲህ በጣት ፈርሜ አላውቅም፤ ይህንንም ከእሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም።

ከሦስት ሳምንት በፊት ትኩሳት ጥሎኝ ሳለ ሊያስታምመኝ መጣ። ሕመሙ ሲለቀኝ አውራ ጣቴ ሰማያዊ ሆኖ አገኘሁት። «ይሄ ምንድነው?» አልሁት። «ምንም አይደል አክስቴ፣ የመድኃኒት ነው» አለኝ። ከምስክሮቼ አንዷ የሆነችውን ነርስ ጠየቅኋት፤ «እማማ፣ እኔ እንዲህ ያለ መድኃኒት አልሰጠሁም» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ እሱ ያቀበለኝን ውኃ ሳልጠጣ አስቀምጠዋለሁ። ያሳደግሁትን ልጅ ፈራሁ። ስለዚህ የጣቴ አሻራ ያረፈበት ማናቸውም ወረቀት፣ ማንም ቢያቀርበው፣ የእኔ ቃል አይደለም።

ከጸሐፊው፦ እዚህ ላይ የመኪና ድምፅ ተሰማ፤ ተናዛዧም ቃላቸውን አቋርጠው ወደ በሩ ዞሩ። የወንድማቸው ልጅ ገባ። በአደራው መሠረት የተባባሉትን ጽፌአለሁ።

«ምን ስብሰባ ነው?» አለ።

«ኑዛዜ ነው» አልሁት እኔ ጸሐፊው።

«አክስቴ ታማለች እኮ! የምትለውን አታውቅም። ከተማ ሐኪም ቤት ልወስዳት ነው የመጣሁት። ተነሺ አክስቴ፣ ልደግፍሽ።»

ተናዛዧ ብርድ ልብሱን በሁለት እጃቸው ጨበጡ። ነርሷ በአልጋውና በእሱ መካከል ገብታ ቆመች። «ትኩሳት የላቸውም፤ አሁን ጠዋት ለክቻለሁ» አለች።

«አንቺን ማን ጠየቀሽ?»

ተናዛዧ፣ «ልጄ፣ እፈራሃለሁ» አሉት። «ኮቴህን ስሰማ ሌባ የመጣ ያህል ልቤ ይመታል። እዚያ መኪና ውስጥ ከገባሁ ቤቴን ዳግመኛ አላይም። አልሄድም።»

የወንድማቸው ልጅ በሩ አጠገብ በርጩማ ስቦ ተቀመጠ። ተናዛዧም ቃላቸውን ቀጠሉ።

ከቤቱ በላይ ያለውን፣ ዛፍ የተተከለበትን መሬት ለእሱ ሰጥቻለሁ። ችግኞቹን አብረን ነው የተከልናቸው። ይህን የማደርገው ስለፈራሁት አይደለም፤ ስለምወደው ነው። ሁለቱ በአንድ ልብ ውስጥ አብረው እንደሚያድሩ ዛሬ አውቄአለሁ።

የእህቴ ልጅ ሆይ፣ እዚህ ብቻሽን ስትኖሪ ትፈሪያለሽ። ፍርሃቱ እስኪለቅሽ አትጠብቂ፤ ዝናብ ሳያመልጥሽ ዝሪ።

የመጨረሻው ልመና ነው። ምስክሮቼ፣ ፈርማችሁ ወደየቤታችሁ አትሂዱብኝ። ዛሬ የምትመጣው የእህቴ ልጅ እስክትደርስ ከእሱ ጋር ብቻዬን አትተዉኝ።

ተናዛዧ ፈርመዋል።

እኛ ምስክሮች፣ መምህሩ፣ ነርሷ፣ አናጢውና የአናጢው ባለቤት፣ ቃሉን በጆሯችን ሰምተን ፈርመናል። አልሄድንም።

የእህታቸው ልጅ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ደረሰች። የወንድማቸው ልጅ ማንንም ሳያይ ተነሥቶ ወጣ፤ መኪናውንም ባዶውን እየነዳ ቁልቁለቱን ወረደ።