ፌሊም ትንፋሽ ያጠረው ዕለት

ይድረስ ከባሕር ማዶ ላለኸው ለወንድሜ ለፊንታን፤

እንዴት ነህ የኔ ዓለም? ጉልበትህስ ተሻለህ? ጆዲስ፣ ልጆቹስ፣ የፐርዝ ፀሐይስ እንዴት ይዛችኋለች? እኛ ደህና ነን። አባባን ሳሉ ለቀቅ አድርጎታል፤ ጣቶቹ ግን ቫዮሊኑን እንቢ ካሉት ሰነበቱ። ዝናቡን አትጠይቀኝ፣ እንደተውከው ነው።

ዛሬ የምጽፍልህ የምሥራች ነው። ያ ትራምፔት ነፊያችን ፌሊም ቱሂ የእጁን አገኘ፤ የሰጠሁትም እኔ ነኝ።

መቼም እማማ የሞተች ሰሞን አባባ ያወጣውን ዜማ አትረሳውም። በየሐረጉ መጨረሻ ዝም የሚልባት ቦታ አለች፤ እማማ በመጨረሻዋ ሳምንት ትንፋሿን ለመሰብሰብ የምታርፋትን ዕረፍት ነው አባባ ከአልጋዋ አጠገብ ሰምቶ ያስገባት። ፌሊም እኛው ቤት ሻይ እየጠጣ የሰማውን ወስዶ ለአምስታችን የነሐስ መሣሪያ ነፊዎች ጓድ አቀናበረው። ያቺን ዝምታም «ባዶ ቦታ ሰው ያስተኛል» ብሎ በቱባና በትሮምቦን ጠቀጠቃት። እሱስ ይሁን። እዚህ አገር ግን ዜማ ከመጫወትህ በፊት ከማን እንዳገኘኸው ትናገራለህ፤ ሰካራም እንኳ ይህን አይዘልም። እሱ በሬዲዮ ቀርቦ «የድሮ ዜማ ነው፣ ባለቤት የለውም» ብሎ አረፈው። አባባ ሬዲዮኑን ዘጋና «እሷም ባለቤት አልነበራትማ» አለ።

ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት አይሆንም ይላሉ። እኔ ቂሜን ይዤ እሑድ እሑድ እየጸለይኩ ከረምኩ።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ ፌሊም ምንም እንዳልሠራ ሰው መጥቶ ለኦገስቱ በዓል አንድ ፈጣን የጭፈራ ዜማ እንዳቀናብር ጠየቀኝ። «ዜማውን በሙሉ ለኔ ትራምፔት ጣይልኝ እቱ፤ እናንተ ከኋላ እምቧ እያላችሁ ተከተሉኝ» አለኝ። «በደስታ» አልኩት፤ ደስታዬም የእውነት ነበር። የጭፈራው ዜማ የቫዮሊን ነው። ቀስት አይተነፍስም፣ ሰው ግን ይተነፍሳል። ልብ ያለው አቀናባሪ ዜማውን ለሁለት ለሦስት ያካፍለዋል፣ አንዱ ሲነፋ ሌላው አየር እንዲስብ። እኔ አንዲት ኖታ ሳልነጥቀው ሁሉንም ሰጠሁት፣ ልክ እንዳዘዘኝ። ልምምድ ላይ ግማሹን ነፋ ያደርግና «ይኼንን ተኝቼም እነፋዋለሁ» እያለ ወደ መጠጥ ቤቱ ይሄድ ነበር። እሱ ሲወጣ እኔና የቀሩት ሦስቱ የአባባን ዜማ ከነዝምታው እንለማመዳለን።

በበዓሉ ቀን አባባን ከፊት ወንበር አስቀመጥኩት። ፌሊም ደረቱን ነፍቶ ጀመረ። መጀመሪያ ጆሮው ቀላ፣ ቀጥሎ ፊቱ ቀይ ሥር መሰለ፤ ሁለተኛው ዙር ላይ ትራምፔቱ አንዴ ጢጥ ብሎ ጸጥ አለ። ከኋላ የቱባ ነፊያችን የባርትሊ ሚስት «ኧረ ሰውየውን ያዙት፣ ምጥ መጥቶበታል!» ስትል አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ያኔ ተነሥቼ «ቀጥሎ ያለውን ዜማ ያገኘነው ከአባቴ ከማላኪ ሄሂር ነው፤ እሱም ያገኘው ከሚስቱ ከኑዋላ ነው» አልኩና አራታችን ነፋን። ፌሊም መውጫ አጥቶ መሐላችን ቆሟል። ዝም ባልን ቁጥር በአዳራሹ የሚሰማው የእሱ ማለክለክ ብቻ ነበር።

ስንጨርስ አባባ ያለቅስ ነበር። «ክብርህ ተመለሰልህ አይደል?» አልኩት። «ክብሩን ተይው» አለኝ፤ «ያ ሰውዬ ዝምታው ላይ ሲተነፍስ ሰማሽው? እንደሷ እኮ ነው፤ ልክ እንደሷ!»

ላዋርደው ብዬ ያስለከለክኩት ሌባ እማማን ለአባባ መለሰለት። ይህንን ደግሞ በምን እንደምበቀለው አላውቅም።

ጆዲን በጣም ሰላም በልልኝ። ሎክላንን ጆሮውን ቆንጥጥልኝ፣ ሩቢን ግንባሯን ሳምልኝ። ዜማውን ስታንጎራጉርላቸው ዝምታዋን እንዳትዘላት፤ ከማን እንዳገኘኸውም ንገራቸው።

እህትህ ግራንያ
ባሊኬሪን፣ ክሌር
ኦገስት 19 ቀን 1987