ሻሼን ያላወለቅሁበት ምክንያት፣ በትእዛዝዎ መሠረት

ለተከበሩ የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊያችን
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ስለ ራሴ፣ ማለትም ከአንገቴ በላይ ስላለው ክፍል

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬ ይድረስዎ እያልኩ፣ ጤናዎ የተሟላ፣ እንቅልፍዎ የጣፈጠ፣ ወገብዎም ከዚያ ከሚሽከረከረው አዲስ ወንበርዎ ጋር የተስማማ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ፣ በውሃ አቤቱታ መቀበያው የስልክ ክፍል ከመስኮቱ አጠገብ የምቀመጠው፣ እርስዎም ለጸሐፊዎ ሲጠቁሙኝ "ያቺ ባለሻሿ" የሚሉኝ ሠራተኛ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ባለፈው ሳምንት በደረሰኝ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ላይ፣ በሥራ ሰዓት ራሴን የምሸፍንበትን "የግል ምክንያት" በጽሑፍ እንዳብራራ፣ ምክንያቱ በቂ ሆኖ ካልተገኘና ሰኞ ራሴን ገልጬ ካልመጣሁ ግን ከሥራ እንደምታገድ ስለገለጹልኝ፣ እነሆ ታዝዤ ጽፌአለሁ። ደብዳቤውን በሻይ ክፍሉ ሰሌዳ ላይ መለጠፌን እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ። የእርስዎም ማስጠንቀቂያ እኔ እጅ ከመግባቱ በፊት እዚያው ሰሌዳ ላይ ተነቦ ስለነበር፣ መልሱም በመጣበት መንገድ ይሂድ ብዬ ነው።

1ኛ. ስለ ድርጅታችን ገጽታ።

ደንበኞቻችን እኔን የሚያውቁኝ በስልክ ብቻ መሆኑን ከጥበቃው እስከ ሥራ አስኪያጁ ሁሉም ሰው እያወቀ፣ ፀጉሬን ባለማየታቸው ቅር ሊላቸው እንደሚችል ቀድመው ያሰቡላቸው እርስዎ ስለሆኑ፣ በእነሱ ስም አመሰግናለሁ። ቧንቧው ደርቆ የሰነበተበት ሰው ደውሎ ሲጮኽብኝ፣ እስከ ዛሬ ድረስ የሚጮኸው ስለ ውሃው እየመሰለኝ ስንቱን በከንቱ ሳጽናና ኖሬአለሁ። ጠዋት ጠዋት የሚደውሉ አንድ ሽማግሌ አሉ፤ ድምፄን ገና ሲሰሙ "የኔ ልጅ፣ ዛሬስ ተስፋ አለ?" ይሉኛል። እኔም እንደ ሞኝ ስለ መስመሩ ጥገና አስረዳቸዋለሁ። ለካ የሚጠይቁኝ ስለ ፀጉሬ ኖሯል! ነገ ሲደውሉ ይቅርታ እጠይቃቸዋለሁ።

2ኛ. ስለ ጥናትዎ።

ሻሹን ማሰር ከጀመርኩ ወዲህ በባልደረቦቼ ዘንድ ያልተባለ ነገር የለም። አንዷ ፀጉሯ ረግፎ ነው አለች፣ ሌላዋ ሃይማኖቷን ቀይራ ነው አለች፣ የሒሳብ ክፍሉ ሰውዬ ደግሞ በድብቅ አግብታ ነው ብሎ ደረጃው ላይ አስቁሞ እንኳን ደስ ያለሽ ብሎኛል። ፀጉሬ በቦታው አለ፤ ሃይማኖቴም ተወልጄ ያደግሁበት ክርስትና ነው፤ ባሉን በተመለከተ ግን ሰውዬው የት እንዳለ የሚያውቅ ከሆነ ለእኔም ቢነግረኝ ደስ ይለኛል።

እርስዎ ግን በወሬ የሚረኩ ሰው ስላልሆኑ ቢሮዎ ጠርተው፣ በሩን ገርበብ አድርገው፣ "እኔም ክርስቲያን ነኝ፣ ባለቤቴም ክርስቲያን ናት፤ እሷ የምትከናነበው ግን ለጸሎት ስትቆም ነው፤ አንቺ ከእሷ በምን በለጥሽ?" ብለው ጠይቀውኛል። በምንም አልበልጣቸውም፤ ለክብርት ባለቤትዎ ያለኝ አክብሮትም እንደተጠበቀ ነው። በዚህም ሳይወሰኑ አንድ አባት ዘንድ ሄደው ጠይቀው፣ የመልሱን ፍሬ ነገር በማስጠንቀቂያው ላይ አስፍረውልኛል፦ "ክርስቲያን ሴት ራሷን የምትሸፍነው በጸሎት ጊዜ መሆኑን ከሚመለከታቸው አጣርተናል፤ በጸሎት ጊዜ መሸፈኗን ድርጅቱ አይቃወምም።" እኔን ለማስወለቅ ብለው እስከዚህ ድረስ ስለደከሙ ውለታዎ አለብኝ። ይህችን ዐረፍተ ነገር ግን አደራ እንዳይረሷት፤ ኋላ እመለስባታለሁ።

3ኛ. ስለ ጨርቁ።

በዚያው ጽሑፍ ላይ ሻሼን "ጠርዙ የተንሻፈፈ፣ ለሥራ ቦታ የማይመጥን ጨርቅ" ብለውታል። ጥርት ያለ ዓይን ስላለዎት እግዚአብሔር ይጠብቅልዎ። ጠርዙ በርግጥም የተንሻፈፈ ነው። የሰፋችው እናቴ ናት፤ በሰፋችው ጊዜ ዓይኗ አያይም ነበር።

እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ የትምህርት ቤት ልጆች የደንብ ልብስ ስትሰፋ የኖረች ሴት ናት። ዓይኗ ሲጠፋ እኔና እህቴ መርፌውንና መቀሱን ብንሸሽግባት ተቆጥታ፣ "እጄም ታውሯል ያላችሁ ማነው?" ብላ አስመለሰችን። ክሩን እኔ እያስገባሁላት፣ እሷ ጠርዙን በአውራ ጣቷ ጥፍር እየዳሰሰች፣ አንድ ቀን ሙሉ ወስዶባት ጨረሰችው። ከዚያ ጨርቁን ወደ እኔ ዘርግታ "ቀጥ ብሏል?" አለችኝ። "ቀጥ ብሏል እማዬ" አልኳት። እርስዎ እስኪጽፉ ድረስ ከዚያ የተለየ ቃል ስለዚያ ጠርዝ ማንም አልተናገረም ነበር።

4ኛ. ስለ ምክንያቱ።

እንግዲህ የጠየቁኝ ይህንን ነው። ከላይ ያለውን ስጽፍ እጄ ፈጥኖ ሄዷል፤ እዚህ ላይ ግን ስርዝ ድልዝ ስለበዛበት ስለ መልኩ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

እናቴ ዓይኗ ከጠፋ በኋላ የምትውለው ከበሩ አጠገብ ባለች ወንበር ላይ ነበር። እኔ ለሥራ ስወጣ ከፊቷ እንበረከካለሁ፤ እሷ ቀኝ እጇን አናቴ ላይ ትጭንና "እግዚአብሔር መውጫሽን ይባርክ፣ መግቢያሽንም ይባርክ" ትላለች፤ እኔ አሜን ብዬ እነሳለሁ። የሠራተኛው አውቶቡስ ጥሩንባውን ያስጮኸ ቀን አሜኑን ደረጃው ላይ ሆኜ የጨረስኩበት ጊዜም አለ። ጸሎት ስለሆነ ሁልጊዜ ራሴን በሻሼ እሸፍናለሁ፤ እናቴም ብታይ ባታይ ጨርቁን በእጇ ሳትዳስስ ቃሉን አትጀምርም ነበር።

በዚያ ጠዋትም እንዲሁ ተንበረከክሁ። ሻሹን ዳሰሰችው፤ ደስ ያላት መሰለኝ፤ እጇን ጫነች። "እግዚአብሔር መውጫሽን ይባርክ" አለች። "መግቢያሽንም" አለች። ከዚያ ዝም አለች። ቃሉ ጠፍቷት ነው ብዬ ጠበቅኋት። አውቶቡሱ መጣ፣ ጮኸ፣ ሄደ። እጇ አናቴ ላይ እየከበደ መጣ እንጂ አልወረደም፤ እኔም ቀና ብል ይወድቃል ብዬ ፈራሁ። ገብቶኝ ነበር፤ ግን ካልተነሳሁ የሆነው ነገር እንዳልሆነ የሚቀር መስሎኝ፣ ጉልበቴ እስኪደነዝዝ እዚያው ቆየሁ። በመጨረሻ ጎረቤታችን የሆነች ሴት በሩ ተከፍቶ አይታ ገባች። የእናቴን እጅ በሁለት እጇ ይዛ ቀስ አድርጋ አነሳችውና ጭኗ ላይ አስቀመጠችላት። ለተመልካች እጁ ያኔ ተነሥቷል። እኔ ላይ ግን እስከ ዛሬ አለ።

ክቡርነትዎ፣ እንደ እብድ ቢቆጥሩኝ አልቀየምዎትም። ሻሹን ሳስር እጇ ይመጣል፤ ክብደቱንም ሙቀቱንም አውቀዋለሁ። ሳወልቀው አናቴ ላይ በር የተከፈተ ያህል ይበርደኛል። መውጫዬን ባርካልኛለች፤ ከቤት ስወጣ አንድም ቀን ፈርቼ አላውቅም። መግቢያዬ ግን እንደተንጠለጠለ ቀርቷል። ማታ ማታ ቁልፉን ይዤ በሬ ላይ ስቆም፣ ከውስጥ ወንበሯ ሲንቋቋ የሚሰማኝ ይመስለኛል፤ ቀሪዋን ቃል ትላት ይሆን ብዬ አደምጣለሁ። አትላትም። ሻሼን ጠበቅ አድርጌ እገባለሁ።

እህቴ "አንድ ጊዜ አሜን በዪና ተገላገዪ፤ እሷም ትረፍ፣ አንቺም እረፊ" ትለኛለች። ሞክሬአለሁ። አፌን እከፍትና አሜኑን መልሼ እውጠዋለሁ፤ ካልኩት እጇ ይነሳል፣ ከተነሳ ደግሞ አይመለስም። አንድ ደግ ካህን ታሪኩን ሰምተው አዘኑልኝና "ነዪ ልጄ፣ እኔ ልጨርስልሽ" ብለው እጃቸውን ሲዘረጉ ጎንበስ ብዬ አመለጥኳቸው። የእሳቸው እጅ እንዲያርፍ መጀመሪያ የእሷ መነሳት ነበረበት። ይህ እምነት ነው ወይስ ፍርሃት ብለው ቢጠይቁኝ ለይቼ መናገር አልችልም። እናቴ ናፍቃኛለች። እሱን ግን በርግጠኝነት መናገር እችላለሁ።

5ኛ. ስለ ፎቶግራፉ።

ባለፈው ወር ለአዲሱ የሥራ መታወቂያ ሻሼን አውልቄ ፎቶ እንድነሳ አዘዙኝ፤ እኔም እንጀራዬን ፈርቼ አወለቅሁ። ፎቶ አንሺው የተረጋጋ ሰው ነው፤ "ቀና በይ እህቴ" አለኝ። ቀና ያልኩ መሰለኝ። "እህቴ፣ ቀና በይ እንጂ፤ ምን ወደቀብሽ?" አለኝ። መጥቶ አገጬን በጣቱ ደገፍ አድርጎ ተመለሰ፤ ካሜራው ዘንድ እስኪደርስ አንገቴ ተመልሶ ጎንበስ አለ። በብርድ እየተንቀጠቀጥኩ ጎንበስ እንዳልኩ ተነሳሁ። እርስዎም ፎቶውን "አቀማመጡ ሥርዓት የለውም" ብለው መልሰውታል፤ ሥርዓት ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ።

የዚያን ዕለት ሻሼን በቦርሳዬ ይዤ፣ ራሴን እንደገለጥኩ ወደ ቤት ሄድኩ። አንድ ቀን እንደ ሰው ልሁን ብዬ ነበር። በሬ ላይ ደርሼ ቁልፉን አስገባሁ፣ አዞርኩት፣ በሩም ተከፈተ፤ እግሬ ግን አልነሳ አለኝ። ውስጡ የራሴ ቤት፣ የራሴ አልጋ፣ የራሴ ጣሳ ነው፤ እኔም ማንም ግቢ እንዳላላት እንግዳ ደፉ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ያቺው ጎረቤታችን ቆሻሻ ልትደፋ ስትወጣ አየችኝ። ቦርሳዬን ከፍታ ሻሹን አወጣችና እንደ ልጅ አሰረችልኝ። ከዚያ ገባሁ።

የተከበሩ ኃላፊያችን፣ እንዲያስታውሱልኝ የተማጸንኩዎት ዐረፍተ ነገር ዘንድ የምመለሰው አሁን ነው። እርስዎ ራስዎ ደክመው አጣርተው፣ ፈርመው፣ ማኅተም አሳርፈው እንደወሰኑት፣ ክርስቲያን ሴት በጸሎት ጊዜ ራሷን መሸፈኗን ድርጅቱ አይቃወምም። ይህን ቸር ውሳኔዎን በደስታ ተቀብያለሁ። በዚያ ጠዋት በእኔ ላይ የተጀመረው ጸሎት እስከ ዛሬ አላለቀም፤ የጀመረችው እጇን አላነሳችም፤ እኔም አሜን አላልኩም። ስለሆነም ሰኞ በተለመደው ሰዓት፣ በተለመደው ወንበሬ ላይ፣ ጠርዙ በተንሻፈፈው ሻሼ ላይ የጆሮ ማዳመጫዬን ደርቤ፣ በፈቃድዎ በጸሎት ላይ ሆኜ ስልክ ስቀበል ያገኙኛል። ጸሎቱ ባለቀ ዕለት ከሁሉ በፊት ለእርስዎ በጽሑፍ አሳውቃለሁ።

ጊዜ ወስደው ስላነበቡኝ፣ ከዚያም ሁሉ የሥራ ጫና መካከል ለአንዲት ሴት አናት ይህን ያህል ቦታ ስለሰጡ፣ መውጫዎም መግቢያዎም፣ ሁለቱም፣ ተጠቃለው የተባረኩ ይሁኑልዎ።

ጆሮዬን ለድርጅቱ፣ አናቴን ለእናቴ የሰጠሁ፣ ትእዛዝዎን እስከ አንገቴ ድረስ የማከብር፣
የአቤቱታ መቀበያ የስልክ ክፍል ሠራተኛዎ

ግልባጭ፦
ለሻይ ክፍሉ ማስታወቂያ ሰሌዳ
ለሒሳብ ክፍሉ ሰውዬ፣ ባሉን ፍለጋ እንዲያቆም
ለክብርት ባለቤትዎ፣ ከሰላምታ ጋር

ሳልዘነጋው፦ የመለሱትን ፎቶ ከዚህ ደብዳቤ ጋር በመርፌ አያይዤዋለሁ። ፎቶ አንሺው በጀርባው ላይ "ፀጉሩ ይስተካከል" ብሎ የጻፈው፣ አናቴ ላይ ተጨፍልቆ የተኛውን ቦታ አይቶ ነው። በማበጠሪያም በውሃም ሞክሬዋለሁ፣ አልነሳ ብሎኛል። ሻሹ ተጭኖት ነው ይሉኝ ይሆናል፤ እኔም ለራሴ እንዲሁ ስል ሰንብቻለሁ፤ ግን ጠጋ ብለው ቢያዩት ሻሽ ጣት የለውም። ያለ መታወቂያ ማንም ሰው ወደ ሥራ ክፍል እንዳይገባ ባወጡት ጥብቅ መመሪያ መሠረት፣ ለእናቴም የእንግዳ ባጅ የሚያስፈልግ ከሆነ ከሰኞ በፊት ያሳውቁኝ። ዓይኗ ስለማያይም ደረጃውን ስትወጣ ግራ እጇን የሚይዝላት ሰው ይመድቡልን፤ ቀኙ ሥራ ላይ ነው።