ያላወቅሁት ድምፅሽ

ለውዷ ባለቤቴ ለውባለም፣

ከተለየሽኝ ሁለት ክረምት አለፈ። ልጽፍልሽ እያልኩ እያፈርኩ ተውኩት። ዛሬ ግን የቤቱን ወሬ ሁሉ ልንገርሽ፤ የከበደኝንም ጨምሬ።

የተከልሽው ጌሾ አጥሩን አልፎታል። ልጃችን መቅደስ አሁንም አዲስ አበባ ናት፤ መስማት ያቆመ አንጎል እንደገና መስማትን እንዴት እንደሚማር ትመራመራለች። በሽታ ጆሮዬን ሲወስደው ይህን ሙያ በመምረጧ ምን ያህል እንደኮራሽባት አስታውሳለሁ። እኔም ከሄድሽ በኋላ ተራዬ ደርሶ የመስሚያ መሣሪያ ጆሮዬ ውስጥ በቀዶ ሕክምና ተተከለልኝ። መሣሪያው ምልክት ብቻ ይልካል፣ ድምፅ የሚያደርገው አንጎል ነው፣ እሱም ከሀ ሁ መጀመር አለበት አለችኝ። መምህር ነኝና ገባኝ። በየማለዳው እለማመዳለሁ። ከጉና በኩል የሚመጣው ዝናብ ቆርቆሯችን ላይ ሲያርፍ አውቀዋለሁ። እሑድ ዲያቆኑ «ስግዱ» ሲል ራሴ እሰማለሁ። ዓይኔ ግን አሁንም ወደ ሴቶች መቆሚያ ይሄዳል፤ መስማት በተሳነኝ ዘመን እንደምታደርጊው የነጠላሽን ጫፍ ከፍ አድርገሽ የምትጠቁሚኝ ይመስለኛል።

በፋሲካ ሰሞን መቅደስ መጣች። የሳምንቱን ቀናት የሚቆጥሩ ሰዎችን ድምፅ ከስልኳ እያሰማች ማን ማን እንደሆኑ ጠየቀችኝ። የራሷን አወቅሁ። የወንድሜንም አወቅሁ። ሦስተኛዋን አላውቃትም፣ አነጋገሯ ግን ጥርት ያለ ነው አልኳት፤ ለማላውቃት ተማሪ ማርክ እንደምሰጥ። መቅደስ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ያቺ ሴት አንቺ ነበርሽ። ለዚህ ቀን ብላ በሕይወት ሳለሽ ቀድታሽ ኖሯል።

ውብዬ፣ ዕድሜዬን ሙሉ የኖርኩበትን ድምፅ እንዴት አላውቀውም? መቅደስ «ጥፋት አይደለም፣ አንጎል ጊዜ ይፈልጋል» ትለኛለች። ትክክል ናት። እኔን ግን አያሳርፈኝም።

ከዚያ የቀረውን አሰማችኝ። ቃል በቃል ይዤዋለሁ፦ «መቅዲዬ፣ አባትሽ ድምፄን ቢረሳው እንዳትቆጪው። እሱ ሲያፍር እህል አይቀምስም።»

ይቅርታሽን ሰማሁ፤ የሰማሁት ግን በሌላ ሴት ድምፅ ነው።

አሁን በየማለዳው ከሌላው ልምምድ ሁሉ በፊት ያንን የተቀዳ ድምፅሽን እከፍታለሁ። እስካሁን አንቺን አልመሰለም። እስኪመስል ድረስ አላቆምም። ፊትሽን፣ አካሄድሽን፣ ሳቅ ሲይዝሽ አፍሽን በእጅሽ መሸፈንሽን አልረሳሁም፣ አልረሳምም። ድምፅሽን ደግሞ እንደ አዲስ ተማሪ እማረዋለሁ።

ዛሬ ቁርሴን በልቼ ነው የከፈትኩት።

ባልሽ፣
ደብረ ታቦር