ባቡሩ ወዴት ሄደ?

አሰላሙ አለይኪ ሉባባ፣ አላህ ቀብርሽን ያስፋልሽ። ከተለየሽኝ ወዲህ ሁለት ረመዳን ያለ አንቺ አፈጠርኩ። ያው የመሠረተ ትምህርት ፊደል ነው፤ ጽሑፌ ቢንጋደድ አትሳቂብኝ። ለሌላ ሰው ነግሬ የማስጽፈው ጉዳይ አይደለም።

ቤቱ ደህና ነው። ላሚቱን ሰንበቴ ገበያ ወስጄ ሸጥኳት፤ ደላላው ሳያታልለኝ አልቀረም። የልጅ ልጃችን ፋጤ እኔው ዘንድ ነች፣ ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛን ትጨርሳለች። ሰሞኑን ስልኳ ላይ አቀርቅራ እንባዋን ትጠርጋለች። ወንድ አለ አልኩና ነጠቅኳት። የድሮ የሩሲያ ፊልም ነው አባባ ብትለኝ መች አምኜ!

ሳየው ያው ፊልም! ገና ተጫጭተን ሳለን ካድሬዎቹ ከሚሴ ገበያው ሜዳ ላይ አንሶላ ወጥረው ያሳዩን። ትምህርት የጨረሱት ወጣቶች ሲለያዩ፣ መጨረሻ ላይ ልጁ በባቡር ሲሄድ ልጅቷ እየሮጠች የምትከተለው። ሽማግሌዎቹ ወንድና ሴት አይቀላቀልም ብለው እኛን ከአንሶላው ፊት፣ እናንተን ከጀርባው አስቀመጡ። ጀነሬተሩ ደግሞ በእናንተ በኩል ነበር፣ ከሚያስነሳው ባለ አፍሮ ጎረምሳ ጋር። አንቺ ዓይንሽ ቀልቶ መጣሽ። ባቡሩ ወዴት ሄደ ብልሽ ወደ ግራ አልሽ። እኔ በዓይኔ በብረቱ ወደ ቀኝ ሲሄድ አይቻለሁ! ይቺ ልጅ ስታይ ያመሸችው አፍሮውን ነው አልኩ።

አገባሁሽ፣ ጥርጣሬዬንም ይዤ ገባሁ። በተኳረፍን ቁጥር ባቡሩ ወዴት ሄደ እልሻለሁ፤ አንቺም እየሳቅሽ ወደ ግራ ትያለሽ። ታመሽ ተኝተሽ እንኳ አልለወጥሽም።

ፋጤ ስልኳን ስመልስላት አኩርፋ መጨረሻውን ደግማ ከፈተችው። የስልኩን ፊት ወደ ቁም ሳጥኑ መስታወት አዙራ ይዛ ሻሿን ስታስተካክል፣ ቅድም ወደ ቀኝ የሄደው ባቡር መስታወቱ ውስጥ ወደ ግራ ሄደ። መልሺው አልኳት። አሁንም ወደ ግራ። አልጋው ላይ ቁጭ አልኩ።

ከአንሶላው ጀርባ የተቀመጠ የሚያየው ተገልብጦ ነው ለካ! እኔም ከፊት፣ አንቺም ከኋላ፣ ያየነው ያንኑ ባቡር ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ወደ ባቲ ከተማ በኩል ሲነጉድ ነው።

ተሳስቻለሁ አላልኩም፤ ከእኔ ፊት ወደ ቀኝ ነው የሄደው። ለማን እንዳለቀስሽም አላህ ሲያገናኘን እጠይቅሻለሁ። እስከዚያ ግን ቃሌ ነው ሉባባ፤ ፋጤም ትሁን ማንም፣ ባቡሩ ወዴት ሄደ ላለኝ ሁሉ፣ ወደ ግራ ነው እላለሁ።