ማሽኑን ማን አደከመው?

ውድ እትዬ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽ እንዴት ነው? እናታችንስ ዓይኗን ተሻላት ወይ? ባለፈው "ሁላችንም ደህና ነን" ብለሽ በአንድ መስመር ጨርሰሻል። እኔን ታውቂኝ የለ፣ አንድ መስመር አያሳምነኝም፤ የደበቅሽኝ ነገር ካለ ዘርዝረሽ ጻፊልኝ። እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ጤነኛ ነኝ። ሰላም ግን አልነበረኝም።

አዲሱ ሥራዬ ክሊኒክ ውስጥ እንደሆነ ነግሬሻለሁ። የበሽተኞችን ካርድ ሁሉ የያዘ፣ ሰርቨር የሚሉት አንድ ማሽን አለ፤ እሱን የምንጠብቀው እኔና "ዝምተኛው" የሚሉት ባልደረባዬ ነን። ጠዋት ስገባ ስክሪኔ ላይ በሚከፈተው ጥቁር መስኮት አፕታይም የምትባል ትእዛዝ እጽፋለሁ። ማሽኑ ከተነሣ ስንት ቀን እንደሆነው፣ ስንት ሰው እንደገባበት ይነግረኛል። ከዚያ ሦስት ቁጥር ያስከትላል፤ ባለፈው አንድ፣ አምስትና አሥራ አምስት ደቂቃ በአማካይ ስንት ሥራ እንደተጫነበት። የኛው አራት ሥራ ባንዴ ይችላል። ከዚያ ካለፈ ወረፋ ነው፣ በሽተኛውም ቆሞ ይጠብቃል።

የዛሬ ወር ገደማ፣ ዓርብ ዕለት ከተነሣሁ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ቀን ያለኝ ማሽን ሰኞ ሁለት ቀን ብቻ አለኝ። ቅዳሜ አንድ ሰው አጥፍቶታል ማለት ነው። ዝምተኛውን ብጠይቀው አላውቅም ብሎ ወደ ሥራው ዞረ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤ እኔ ግን የሚደብቀው ቢኖረው ነው አልኩ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ብዬ፣ ማን ምን እንደነካ ለማወቅ ፋይሉን ሁሉ የሚበረብር ትንሽ ፕሮግራም ጻፍኩና በየጠዋቱ አስነሣው ጀመር።

ከዚያ ወዲህ የጭነቱ ቁጥር ይጨምር ጀመር። አምስት፣ ሰባት፣ አሥራ አንድ። አንድ ካርድ ለማውጣት ሩብ ሰዓት ሆነ፤ ነርሷ በኔ ላይ ትጮሃለች፣ አንድ አዛውንት ወረፋ ላይ እንደተቀመጡ እንቅልፍ ወሰዳቸው። የገባው ሰው ስንት ነው ብዬ ባይ አንድ፤ እሱም እኔው። ዝምተኛው ስሙን ደብቆ ነው የሚገባው አልኩ። ምሳ ሰዓት እንኳ ከወንበሩ አለመነሣቱ አላማረኝምና፣ የግል ሥራውን ይጭንበታል ብዬ ለአለቃችን በጽሑፍ ከሰስኩት። እሷም እስኪጣራ ቤትህ ቆይ አለችው። ሲወጣ "ማሽኑን አደራ" አለኝ። ይቺንም ጠረጠርኳት።

እሱ በሌለበት በሦስተኛው ቀን ቁጥሩ አሥራ አራት ገባ። ደንግጬ የሚሠራውን ፕሮግራም ሁሉ ዝርዝር ባወጣ፣ ያ ፋይል የሚበረብረው የኔ ፕሮግራም አሥራ ዘጠኝ ቦታ ተደርድሯል። ለካ በየጠዋቱ አዲስ ሳስነሣ የትናንቱን አንድም ቀን አላስቆምኩትም። ሁሉንም ሳስቆም ቁጥሩ ከአንድ በታች ወረደ። ያን ቅዳሜ ማሽኑ ለምን እንደጠፋም የክሊኒኩን ዘበኛ ብጠይቀው፣ የመብራት ሠራተኛ መጥቶ መስመር ሲቀይር ነው የጠፋው አለኝ። ወር ለሚጠጋ ጊዜ ዘበኛውን በየቀኑ በሩ ላይ ሰላም እያልኩት አልጠየቅኩትም። መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ።

ትናንት ዝምተኛው ቤት ሄድኩ። እስክጨርስ ሰማኝና፣ የፕሮግራሞቹ ዝርዝር ላይ ስሜን ያየው በመጀመሪያው ሳምንት እንደሆነ ነገረኝ። ሊነግረኝ ወደ ጠረጴዛዬ መጥቶ ነበር፤ እኔ ሲቀርበኝ ስክሪኔን በእጄ ሸፈንኩበት። ለአለቃችን ለምን አልነገርካትም ብዬ ስጠይቀው፣ የሙከራ ጊዜህ አላለቀም፣ ያባርሩህ ነበር አለኝ። እትዬ፣ ሰው ቤት ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

የሙከራ ጊዜዬ ሊያልቅ ዘጠኝ ቀን ይቀረዋል። እሱ "ጊዜው ይለፍልህና ትናገራለህ" ብሎኛል። እኔም፣ አልዋሽሽም፣ እሺ ልል ነበር። ስወጣ ግን ትንሿ ልጁ እጁን ይዛ "አባዬ፣ ሰኞም ሥራ አትሄድም?" ስትለው ሰማሁ። ነገ ጠዋት ጥፋቱ የኔ መሆኑን የጻፍኩበትን ወረቀት ለአለቃችን እሰጣለሁ።

እናታችንን ጉልበቷን ሳሚልኝ። ጋሼን እጅ ነሥቻለሁ በይልኝ። መንትዮቹን ጉንጫቸውን፣ ታናሻችንን ግንባሩን ሳሚልኝ። ከሥራ ወጣ የሚል ወሬ ከደረሳችሁ፣ በምን እንደወጣሁ አንቺው ንገሪያቸው።

ወንድምሽ

ከተከራየኋት ክፍል፣ እሁድ የካቲት 9 ቀን