ርጥቡ አሸዋ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10 ቀን 2017

ዛሬ አገኘሁት። በአገራችን የብረት ኢንዱስትሪ ታሪክ ላይ ለምንሠራው ፊልም ካዛንቺስ ካለ ሆቴል ቀጥረነው ነበር። ከመጀመሪያዎቹ የብረት ማቅለጫዎች የአንዱ አለቃ የነበረ፣ አባቴን ያሳሰረ ሰው ነው። የማን ልጅ እንደሆንኩ አያውቅም።

አሮጌ የባቡር ሐዲድ እያቀለጡ እንዴት እንደጀመሩ በኩራት አወራ። ቀጥዬ ማቅለጫው ውስጥ ሰው ስለሞተበት ፍንዳታ ጠየቅኩት።

«አንድ ሰካራም አቅላጭ ነው ሰው ያስፈጀው» አለ።

አባቴ መጠጥ ቀምሶ አያውቅም። የቀለጠው ብረት የሚፈስበት የአሸዋ ቅርጽ ገና ርጥብ ነው፣ ይፈነዳል፣ ብሎ ለምኖት ነበር።

«አሸዋው ደርቆ ነበር?» አልኩት።

«ማን ነገረሽ?»

«አባቴ። አሁን ሰካራም ያሉት ሰው።»

«ማቅለጫውን ሊያዩ የመጡት እንግዶች ቆመው እየጠበቁ ነበር፤ ምን ላድርግ? አፍስስ አልኩት» አለ። ወዲያው ካሜራው ትዝ አለው። «ይህቺን ቁረጫት ልጄ። የልጅ ልጆቼ ያዩታል።»

«እሺ አባባ» ብዬ እስከ በሩ ደግፌ ሸኘሁት።

ቢሮ ገብቼ ቀረጻውን ደጋግሜ አየሁት። ልቤ የሚረካ መስሎኝ ነበር፤ አልረካም። አባቴ ከእስር ወጥቶ እስኪሞት ድረስ ሰፈሩ «ነፍሰ ገዳይ» ሲለው ኖረ። እኛም ትምህርት ቤት የገዳይ ልጆች ተብለናል።

ፊልሙን የምጀምረው «አፍስስ አልኩት» ከሚለው ነው። የልጅ ልጆቹን ለምረቃው ራሴ ደውዬ እጠራቸዋለሁ። ከፊት ወንበር ነው የማስቀምጣቸው።